አስቴር ጋኖ፦ ከባሕር ላይ የተረፈችው ልጅ

ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ነቀምቴ በሚሄድ መኪና ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን እያለ ሲወጣና ሲወርድ ግማሹ ተሳፋሪ ይተኛል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ወጣት ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለጓደኛው ቀልድ ይልካል፣ ለእናቱ ደርሻለሁ ይላል፣ የዘፈን ግጥም ይለጥፋል። ይኼ ነገር ማንንም አያስገርምም። አስገራሚ ነው እኮ ብትሉት ይስቅባችኋል።

አምቦ ላይ የብዕር ሰው ጥራ የተባለ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ቦዳ የተወለደውን ጸጋዬ ገብረመድኅንን ነው። ይገባዋልም። ግን እዚሁ መንገድ ላይ ትንሽ ወደ ምዕራብ ገፋ ስትሉ፣ ነቀምቴ ከተማ፣ ጸጋዬ ከመወለዱ ከአርባ ዓመት በፊት አፋን ኦሮሞን በወረቀት ላይ ማስፈር የጀመረች ሴት ኖራለች። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። የሠራችው ሁሉ የተሠራው ደግሞ አንድ ቀን ቀይ ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ መንገዷን ሳትጨርስ ስለተያዘች ነው።

አስቴር የተወለደችው በ1872 አካባቢ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) ስትወለድ ነፃ ሰው ነበረች። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ባሪያ ሆና አልተወለደችም፣ ባሪያ ያደረጋት ሰው ነው። እሱም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ነበር።

ሊሙን ዛሬ የምናውቃት በቡናዋ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ የተቀሩት ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ሰቃ የሚባለው የሊሙ ገበያ በሩቅ የታወቀ ነበር። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ከዚያ ተጭኖ ይወጣል። ከዕቃው ጋር ሰውም ይወጣል።

መንገዱ አንድ ብቻ አልነበረም። አንዱ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ባሶ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቅና ምፅዋ ይደርሳል። ሌላው ወደ ሸዋ ይታጠፋል፤ ሮጌ ገበያ ላይ ሰው ይለዋወጣል፣ ከዚያ በአሊዩ አምባ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ፣ መጨረሻው ታጁራ። በሁለቱም መንገድ ሻጩ በየገበያው ይቀየራል፣ ዋጋውም ወደ ባሕር በተጠጋ ቁጥር ይጨምራል። ሊሙ ላይ በጥቂት ጨው የተገዛች ልጅ ጠረፍ ስትደርስ በብር የምትቆጠር ትሆናለች። በቀይ ባሕር በኩል ከሚሻገሩት ውስጥ የሚበዙት ደግሞ ልጆች ነበሩ፣ ከልጆቹም ሴቶቹ። ልጅ አይታገልም፣ መንገዱን ለይቶ አያመልጥም፣ የገዛው ሰው ቋንቋም ቶሎ ይገባዋል ይባል ነበር። ነጋዴው ያሰላውን ስሌት አስቡት እንግዲህ።

ከሊሙ ደን የወጣች ልጅ ባሕር ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? የምታውቀው ውኃ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ማዶው ይታያል። እዚህ ግን ማዶ የለውም። በዚያ ላይ የምትጫንባት ሳምቡክ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፣ አንድ ትልቅ ሸራ ያላት፣ ሰው እንደ ጆንያ የሚደረደርባት። የቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ባብ ኤል መንደብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት አለው። ነፋስ የቀናው ጀልባ በአንድ ሌሊት ሊሻገረው ይችላል። ነፋሱ ግን ሁልጊዜ አይቀናም። ከመስከረም በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ በዚያች ጠባብ በር ሲገባ ይበረታል፣ ማዕበሉም አብሮት ይነሳል። ባሕሩ ሥር ደግሞ የጀልባ ሆድ የሚቀድ የዛጎል ቋጥኝ ሞልቷል። መርከበኛ ብሎ ነገር ያለው ሰው አየሩ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ሰው የጫነ ነጋዴ ግን ከማዕበሉ ይልቅ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበረው፤ ጠባቂ መርከብ።

ጠባቂዎቹ እነማን ነበሩ? እንግሊዝና ግብፅ የባሪያ ንግድን ለማስቆም በ1877 ተፈራርመው ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጣች፤ በየካቲት 1885 ምፅዋን ያዘች፣ መርከቦቿም በዚያ ውኃ ላይ መመላለስ ጀመሩ። በ1886 ከእነዚህ የጣሊያን መርከቦች ጋር የተጋጠመች አንዲት ጀልባ ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ የሚወሰዱ ሰዎችን ጭና ነበር። ጀልባዋ ተያዘች። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ አስቴር ነበረች፣ የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ። ማዶ ልትደርስ የነበረችው ልጅ ወደመጣችበት ጠረፍ፣ ወደ ምፅዋ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ይኼ ታሪክ ሲነገር የጣሊያን መርከበኞች እንደ መላእክት የሚሳሉበት ጊዜ አለ። ልጆቹን ከጀልባ ማውረዳቸው መልካም ሥራ ነው፣ አይካድም። ግን መርከቦቹ እዚያ የተገኙት ለአስቴር ብለው አይደለም፤ አገር ሊይዙ ነው የመጡት። ባሪያ ነጋዴን ማሳደድ ለቅኝ ገዢ ጥሩ ስም ይሰጠው ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አለብን።

አስቴርን የመሰሉ ልጆች ደግሞ ብዙ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1888፣ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ራሃይታ አካባቢ ሦስት ጀልባዎችን ያዘች። በጀልባዎቹ ላይ 204 የኦሮሞ ልጆች ተገኙ። ወደ ኤደን ተወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የስኮትላንድ ሚሽን ትምህርት ቤት ተላኩ። አገራቸው የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ላቭዴል ከገቡት አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። ስሟን አትርሱት፣ ወደ እሷ እንመለሳለን።

አስቴር የገባችው ከምፅዋ ወደብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወዳለው እምኩሉ ነው። እዚያ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሽን ትምህርት ቤት ነበር። ስዊድኖቹ ምፅዋ የደረሱት በ1866 ሲሆን ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ ነበር። መንገዱ ስላልተከፈተላቸው ባሕሩ ዳር ቀሩ። የሚገርመው፣ እነሱ ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ሲያቅታቸው የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ እጅ ወደ እነሱ መጡ።

እምኩሉ የሰላም ቦታ መስሏችሁ እንዳይሆን። ሙቀቱ ራሱ ሰው ይገድላል። አስቴር ከገባች ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 1887፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደር ደመሰሱ። ዶጋሊ ከእምኩሉ ሩቅ አይደለም። ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1888 እስከ 1892 ከብቱ አለቀ፣ ሰውም አለቀ። ይቺ ልጅ ፊደል የቆጠረችው በዚህ ሁሉ መሐል ነው።

እዚያው እምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል፣ የመጀመሪያው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ። የእሱም ታሪክ ከአስቴር ጋር ይመሳሰላል። የተወለደው ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ነው፣ የልጅነት ስሙ ሂካ። ገና በልጅነቱ ሰረቁት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፣ በ1870 የስዊዝ ተወላጁ ቬርነር ሙንሲንገር ነፃ አወጣው። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ስዊድን አገር አምስት ዓመት። ሲመለስ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞከረ። አንዴ በሱዳን በኩል፣ አንዴ በታጁራ ወደ ሸዋ። ሁለቱም አልተሳኩም። ከሁለተኛው ሙከራ ወደ እምኩሉ የተመለሰው በ1886 ነው፣ አስቴር ከጀልባ በወረደችበት ዓመት።

ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም፤ ራሱ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ይሂድ ብሎ ትርጉም ጀመረ። ችግሩ ግን ወዲያው ወጣ። በልጅነቱ ከቤት የወጣ ሰው ምን ያህል ቋንቋ ይዞ ይወጣል? እናት፣ ውኃ፣ ወተት፣ ና፣ ሂድ። ለልጅ ይበቃል። ስለ ፍርድ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ሐዘንና ስለ ኪዳን የሚያወራ ሺህ ገጽ መጽሐፍ ለመተርጎም ግን አይበቃም። ኦኔሲሞስ ሰዋስው ያውቃል፣ የውጭ ቋንቋ ያውቃል፣ የጎደለው የአገሩ ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገርበት ቃል ነው።

አስቴር ጋ ያለው ይኼ ነው። እሷ ከቋንቋዋ የተለየችው ካደገች በኋላ ነው። ጆሮዋ ላይ ተረት አለ፣ እንቆቅልሽ አለ፣ የሥራ ዘፈን አለ። ኦኔሲሞስ የልጅቷን ብልህነትና የቋንቋ ስሜት ቶሎ አስተዋለና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት። አስቡት እስቲ። ከጥቂት ዓመት በፊት ዋጋ ተቆርጦላት ጀልባ ላይ የተጫነች ልጅ አሁን ቁጭ ብላ የሕዝቧን ቃል አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ይኼ ቃል ይኼን ማለት ነው፣ ያኛው ከዚህ ይለያል እያለች።

መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ ያገለገለው የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማቃናት ነበር። ትርጉሙ በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ። አፋን ኦሮሞን በጽሑፍ ለማስፈር የሞከረ ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት አይደለም። አንኮበር ተቀምጦ የነበረው ጀርመናዊው ክራፕፍ፣ አገር ቤት ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ ሞክረዋል። የእምኩሉው ልዩነት ሥራውን የያዙት ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ፣ ራሳቸው ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች መሆናቸው ነው።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን የሠራችው ሥራ ነው። አስቴር አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከቃል ወደ ወረቀት ገለበጠች። አምስት መቶ! ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እዚያው እምኩሉ በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ልጅ ማንበብ የሚለምደው አያቱ ማታ እሳት ዳር በነገሩት ተረት ነው ማለት ነው። ይኼ ዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች ስብሰባ ጠርተው የሚመክሩበት ጉዳይ ነው። እነሱ በ1894 ሠርተውት ጨርሰዋል።

ከዚያም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ተረጎመች። ከኦኔሲሞስ ጋር መቶ ያህል መዝሙሮች ተሰናዱ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተተርጉሞ አለቀ፣ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴንት ክሪሾና በሚባል ቦታ ታተመ። ሁሉም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፣ ይኼኛው እናንተ አሁን በምታነቡት ፊደል። ዛሬ በቁቤ ለሚጽፈው የአምቦ ወጣት እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በዚያን ጊዜም ፊደሉ ለቋንቋው ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም፤ በአፋን ኦሮሞ መጥበቅና መላላት፣ አናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣሉ፣ የግዕዝ ፊደል ደግሞ መጥበቁን አያሳይም። አንባቢው ከልምዱ መሙላት ነበረበት።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር እንምጣ። የመጽሐፍ ቅዱሱን የፊት ገጽ የከፈተ ሰው ተርጓሚ ተብሎ የሚያገኘው ኦኔሲሞስ ነሲብን ነው። አስቴር የለችም። ለረጅም ጊዜ በታሪኩም ውስጥ ረዳት ተብላ በግማሽ አረፍተ ነገር የምታልፍ ሰው ሆና ኖረች። ኦኔሲሞስን ክፉ ለማድረግ አይደለም ይኼን የምለው። ሰውየው ዕድሜውን ለዚህ ሥራ የሰጠ ነው፤ የተርጓሚነት ስሙም የሚገባው ነው። ግን ቃሉን የለቀመችው፣ ትርጉሙን ያቃናችው፣ ተረቱን ከጆሮዋ አውጥታ የጻፈችው ሴት ስም እንዴት አንድ መስመር አጣ? በዚያ ዘመን የሚሽን ሪፖርት ላይ ሴት፣ ያውም ከባርነት የወጣች አፍሪካዊት ሴት፣ ደራሲ ተብላ አትጻፍም ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፣ አልዋጥ ያለኝ እሱ ራሱ ነው። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ድርሻዋ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ማለት የጀመሩት እሷ ካለፈች በኋላ ነው።

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። አስቴር፣ ኦኔሲሞስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ኤርትራን ለቀው ወደ ወለጋ ገቡ። አሥራ ስምንት ዓመት ባሕር ዳር ቆይታ፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ሆና ነው የተመለሰችው። ነቀምቴን የሚያስተዳድሩት ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ አስቴርም መምህርት ሆነች። ሻንጣቸው ውስጥ የነበሩት መጻሕፍት መጀመሪያም የተጻፉት ለዚህ አገር ሰው ነበር።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የኦኔሲሞስ ስብከትና ትምህርት ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጨው፣ በ1906 ክስ ቀርቦበት ከቦታው እንዲነሳ ተወሰነበት፣ ኋላ ዐፄ ምኒልክ እንዳይሰብክ አግደው ነቀምቴ እንዲቀመጥ ፈቀዱለት። በ1916 ልጅ ኢያሱ እገዳውን አነሱለት። በ1931 አረፈ። ዛሬ በስሙ የሚጠራ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አይራ ላይ አለ።

አስቴር ከእሱ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። በእነዚያ ዓመታት ያየችውን ደግሞ አስቡት። በ1936 ጣሊያን እንደገና መጣች፣ አሁን በባሕር ሳይሆን እስከ ወለጋ ድረስ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ጀልባዋን ያስቆመላት ባንዲራ አሁን የአገሯ ወራሪ ሆኖ ነቀምቴ ላይ ተሰቀለ። የስዊድን ሚሲዮናውያንም በወራሪው ተባረሩ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ወራሪው በ1941 ወጣ። በ1942 ደግሞ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚያግደው አዋጅ ወጣ። ከዚያ በፊትም ሕጎች ነበሩ፣ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የገባችው ቃል፣ በ1924 የወጣው ሕግ፤ ግን በየቦታው አልተፈጸሙም። ከጀልባው ቀን እስከ አዋጁ ሃምሳ ስድስት ዓመት ነው። አስቴር ሰባ ዓመቷ ነበር።

ቢሾ ጃርሳን አስታውሳችኋል? በኦስፕሬይ የተያዘችው፣ ደቡብ አፍሪካ የገባችው። እሷም ተማረች፣ እሷም መምህርትነት ሠለጠነች። እዚያው አገባች፣ ወለደች፣ የልጅ ልጅ አየች። ስታረጅ ለብቻዋ የምታወራው ቋንቋ ነበራት፣ የልጅ ልጆቿ አንዲት ቃል የማይገባቸው። ከሚሰሟት ሕፃናት አንዱ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። ቢሾ ዙሪያዋን ቋንቋዋን የሚሰማላት ሰው አልነበራትም። በአንድ ባሕር ላይ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት የተያዙ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የአንዷ ቃል መጽሐፍ ሆነ፣ የሌላዋ ከእሷ ጋር ተቀበረ።

አስቴር ጋኖ ያረፈችው በ1964 ነው፣ ዘጠና ዓመት አልፏት። በዚያው ዓመት የቢሾ የልጅ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ስለታገለ ተፈርዶበት ሮበን ደሴት ገባ፣ እነ ማንዴላ ጋ፣ አሥር ዓመት። ሲወጣ የቋንቋ ምሁር ሆነ። እስከ ሞተበት እስከ 2012 ድረስ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ይማሩ እያለ ሲሟገት ኖረ። አያቱ ለብቻዋ የምታወራው ያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን ያወቀው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው።